ድንኳኑ ሳይዘንብ ውስጡ ረጥቦ አደረ፤ ከስሜን ጉዞ በፊት ዕቃችንን ባህርዳር ላይ እንዴት እንሞክረው?

ዘንባባ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ረዘም ካለ ይቅርታ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ስድስት ሆነን ስሜን ልንወጣ ነው፣ ደባርቅ አድረን ከዛ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እያልን ድንኳን እየተከልን። ዕቃችን ከየትም የተለቃቀመ ነው፤ አንዱ ድንኳን አዲስ አበባ ያለ ያጎቴ ልጅ የላከልኝ ነው ተከፍቶም አያውቅ፣ ሌላኛውን ጓደኛችን ከአንድ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ በርካሽ የገዛው ነው፣ ስሊፒንግ ባግ በውሰት ሞልቶልናል፣ የሚነፋ ፍራሽ አለ፣ ትንሽዬ የጋዝ ምድጃ አለች፣ ውሃ ማጣሪያ አለ፣ ጫማ ሁሉም የየራሱን። ከስድስታችን ድንኳን ውስጥ አድሮ የሚያውቀው አንዱ ብቻ ነው እሱም ለሥራ ፊልድ ወጥቶ።

እና እዚሁ እንሞክረው ተባባልንና ቅዳሜ ማታ አዲሱን ድንኳን እኛ ግቢ ተከልነው። ግቢያችን ለሐይቁ ቅርብ ነው፣ ሣር ነው። እኔና እህቴ ገባን፣ ቢምቢ ፈርተን ዚፑን ሁሉ ጥርቅም አድርገን ተኛን። ሌሊቱን አንድ ጠብታ አልጣለም፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ጠዋት ስንነሳ ጣራው ከውስጥ በኩል ውሃ በውሃ ሆኗል፣ በጣቴ ነካ ሳደርገው እስከ ክንዴ ወረደ፣ የስሊፒንግ ባጌም እግር በኩል ግድግዳውን ነክቶ ስላደረ ረጥቧል። እናቴ በረንዳ ላይ ቆማ አየችንና "ሳይዘንብ እንዲህ ካረገ ሲዘንብማ ዋና ትለምዱበታላችሁ" ብላ ሳቀችብን።

ያፈሳል ማለት ነው? ያልዘነበ ዝናብ እንዴት ነው የሚያፈሰው? የአጎቴን ልጅ መልሰህ ውሰድ ልበለው ወይስ የሚደረግ ነገር አለ? ደግሞስ እዚህ ሙቀት ላይ ቁጭ ብለን የስሜንን ብርድ በምን እንሞክራለን? የምታውቁ ንገሩኝ።

ግጭ ሜዳ፦
አይዞሽ እህቴ ድንኳኑ አላፈሰሰም። ያ ውሃ የእናንተው ትንፋሽ ነው። ሁለት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ የሚወጣው እንፋሎት ቀላል አይደለም፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ደግሞ ሸራው ከአየሩ በላይ ይቀዘቅዛል (ውጭውም ጤዛ የያዘው ለዛ ነው)፣ እንፋሎቱ እሱን ሲነካ ውሃ ሆኖ ይቀራል። በዛ ላይ ሐይቅ ዳር፣ ሣር ላይ፣ መሬቱ የክረምቱን ውሃ ጠጥቶ ሳይደርቅ፣ ዚፑን ጥርቅም አድርጋችሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደረቅ ሆኖ ቢያድር ነበር የሚገርመኝ።

ከጎብኚ ጋር ስሜን ስወጣ ስንት ዓመቴ ነው፣ ጠዋት ጠዋት "ድንኳኔ ቀዳዳ ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። ግጭ ላይ ብርዱ ጠንከር ሲል ይሄው ውሃ ከውስጥ በኩል አመዳይ ይሆንና ስትገላበጪ ፊትሽ ላይ ይራገፋል። መፍትሔው አየር ነው። የወንፊቱን በር ዝጊ ለቢምቢው፣ የላይኛውን ሸራ በር ግን ከላይ በኩል አንድ ክንድ ያህል ክፍት ተይው፣ አናቱ ላይ ትንሽ መስኮት ካለው እሱንም ክፈቺው፣ የጎን ገመዶቹን ደግሞ ወጠር አድርገሽ ሳቢ፣ የላይኛው ሸራ የውስጠኛውን መንካት የለበትም። እርጥብ ልብስና እርጥብ ጫማ ይዛችሁ አትግቡ። ምንም ብታደርጉ ትንሽ እርጥበት ይኖራል፣ ጠዋት ላይ በጨርቅ መጥረግ ነው፣ ቁርስ እስኪደርስ ፀሐይ ላይ ገልብጦ ማድረቅ።

ማፍሰሱን ለማወቅ ደግሞ ሰው ሳይተኛበት በቀን ነው የሚሞከረው። ውስጡን ጠርገሽ አድርቂው፣ ወለሉ ላይ ጋዜጣ ዘርጊበት፣ ዘግተሽው ውጪና በውሃ ጎማ ከላይ ወደታች፣ ከዛ ደግሞ ከጎን፣ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ውሃ ልቀቂበት። ውሃ ከጠፋ ያው ጀሪካን ነው፣ ሁለት ሰው ይቀባበል። ከዛ ግቢና ስፌቱን ተከትለሽ ጣትሽን አስኪጂበት፣ በተለይ የጣራው ስፌት መሀል ላይ የሚገናኝበትን፣ ገመድ የተሰፋበትን፣ የወለሉን አራት ጥግ። ጋዜጣው የት ጋ እንደረጠበ ራሱ ይነግርሻል። መጨረሻ ላይ ወለሉ ላይ በጉልበትሽ ተንበርከኪበት፣ ደህና የሚመስል ወለል ሰው ሲጫነው ነው ከጭቃው ውሃ የሚስበው።

ከፈረንጁ የተገዛው ነው ይበልጥ የሚያሳስበኝ። የላይኛውን ሸራ የውስጥ ገጽ ዳብሺው። የሚያጣብቅ ከሆነ፣ ወይ ትውከት ትውከት የሚል ሽታ ካለው፣ ወይ እንደ ቅርፊት የሚላጥ ከሆነ ቅቡ አልቆለታል፣ እሱን መጠገን አይቻልም። ስፌቱ ላይ ያለው ቴፕ ብቻ ከሆነ የተላቀቀው ይጠገናል።

በጋቢ ይበቃል፦
ኧረ ምን ይሄ ሁሉ ጣጣ ነው ጎበዝ። አያቶቻችን ስሜንን በጋቢና በበሶ ነው የወጡት የወረዱት። ድንኳን ጎመን ይመስል በውሃ ማጠብ ጀመራችሁ 😂

ታቦሬ፦
@በጋቢ ይበቃል አያቶችህ ማታ የሚገቡበት ቤት ነበራቸው፣ ቤቱ ውስጥ እሳት ነበራቸው፣ በጎችም አብረው ያድሩ ነበር። አንተ በጋቢ ግጭ ላይ እደርና ጠዋት ፖስት አድርግልን።

@ዘንባባ የብርዱን ነገር እኔ ልመልስልሽ። ባህርዳር 1800 ሜትር አካባቢ ናት፣ ግጭና ጨነቅ 3600 ገደማ። አየሩ በየ1000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል ብትይ ልዩነቱ 12 ዲግሪ አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ ባህርዳር ንጋት ላይ 12 ዲግሪ ባለበት ቀን እዛ ዜሮ ዙሪያ ነሽ ማለት ነው፣ ከነፋሱ ጋር። ግቢያችሁ ውስጥ አንድ ዓመት ብትተኙ ይሄን አታገኙትም። እዛ ግቢ የሚሞከረው ዚፑ፣ ቁመቱ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን መያዙ ምናምን ነው።

ብርዱን ለመሞከር ከፍ ወዳለ ቦታ መሄድ ነው። ደብረታቦር 2700 ናት፣ ከመናኸሪያ ተሳፍራችሁ ቅዳሜ ሄዳችሁ እሁድ ትመለሳላችሁ፣ ዘመድ የሌለው ሰው የለም መቼም፣ ዘመድ ግቢ ድንኳን ተክሎ ማደር ነው። ዘመዳችሁ "ቤት እያለ ሜዳ ላይ?" ብሎ ይቀየማል፣ ራታችሁን በልታችሁለት ውጡ። ወደ ጎጃም በኩል የሚቀርባችሁ ካለ እንጅባራም ብርዷን አትደብቅም። እዛ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከበረዳችሁ ስሜን ላይ በያዛችሁት ዕቃ አትተኙም፣ ያለው ምርጫ መጨመር ነው። በረንዳው እዛው አጠገብ ስለሆነ ሲብስባችሁ ቤት ትገባላችሁ፣ ጥቅሙ ይሄ ነው።

ስሊፒንግ ባጎቹ ላይ የተሰፋውን ምልክት እዩት፣ ብዙ ጊዜ በዲግሪ የተጻፈ ሦስት ቁጥር አለው። ትልቁና በደማቁ የተጻፈው ማስታወቂያ ነው እሱን እርሱት። ኮምፎርት የሚለውን ነው ማየት ያለብሽ፣ እሱ የሚለካው ብርድ ለሚሰማት ሴት ታስቦ ነው፤ ሊሚት የሚለው ለወንድ ነው፣ ኩርምት ብሎ ለሚተኛ ወንድ፤ ኤክስትሪም የሚለው እንዳትሞቺ ነው እንጂ እንድትተኚ አይደለም። ኮምፎርቱ 10 የሚል ባግ ይዞ ስሜን የሚወጣ ሰው ውስጡ ጋቢ መጨመር አለበት።

አዎ ጋቢ ጥሩ ነው፣ @በጋቢ ይበቃል እዚህ ላይ እስማማለሁ። ግን ጥጥ ነው፣ ከረጠበ አለቀለት፣ ያ የጣራው ውሃ ጋቢው ላይ እየተንጠባጠበ ካደረ ጠዋት ድንጋይ ነው የምትሸከሙት። ባጉ ውስጥ ሆኖ ነው እንጂ ከላይ አይደለም። ከታች ደግሞ ነጠላ አንጥፉበት የተዋሳችሁት ዕቃ በላብ እንዳይበላሽ። ብርዱ ግማሹ ከመሬት ነው የሚመጣው፤ አጎዛ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ የሚሸከመው በቅሎ ነው እናንተ አይደላችሁ።

ዘንባባ፦
እናንተ ሰዎች እግዜር ይስጣችሁ። እናቴን አሳየኋት "ድሮስ ትንፋሻችሁ ቀላል ነው" አለች።

የደብረታቦሩ ሐሳብ ገብቶናል፣ የእህቴ ባል ቤተሰቦች እዛ አሉ። ሁለት ነገር ልጨምር፤ የሚነፋው ፍራሽ ማታ ሞልተን ጠዋት ግማሹ ጎድሎ ነው ያገኘነው፣ ቀዳዳው ግን አይታይም፣ ጆሯችንን ብንደቅንም አይሰማም። ደግሞ አንዱ ጓደኛችን ጫማውን ከሰልቫጅ ነው የገዛው፣ ስሙ ትልቅ ነው የጫማው፣ ቆዳው አዲስ ይመስላል፣ ይሄ ምን ችግር አለው እያለ ነው።

ሳይክል ሰፈር፦
ፍራሹን በጣም አትንፉት፣ መጀመሪያ ያንን ልብ በሉ። ማታ በሙቁ የተነፋ ፍራሽ ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ትንሽ ይረግባል፣ ያ ቀዳዳ አይደለም። ግማሽ ከጎደለ ግን ቀዳዳ ነው። ጆሮ አያገኘውም። እኛ ጎማ እንደምንፈልገው ነው የሚፈለገው፤ ጎድጓዳ ሣህን ውስጥ እየከፋፈላችሁ ውሃ ውስጥ ንከሩት አረፋውን ተከታተሉ፣ ካልገባ ደግሞ ኦሞ በውሃ በጥብጡና በስፖንጅ ቀቡት፣ በተለይ አፉን፣ የሚነፋበትን ቦታ። ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው አፉ ጋ አሸዋ ወይ ፀጉር ገብቶ ነው፣ ጠርጎ መዝጋት ብቻ ይበቃዋል። ቀዳዳ ከሆነ ሲያዩት በእስክሪብቶ ክበቡት አለበለዚያ ሲደርቅ ይጠፋባችኋል።

እዚህ ከተማ በየመንገዱ ጎማ ጠጋኝ ስላለ ወስዳችሁ ትሰጡት ይሆናል፣ ተጠንቀቁ። የኛ ማስቲሽና ፓች ለጎማ የተሠራ ነው፣ ናይለን ላይ ወይ ፕላስቲክ ላይ ሲለጥፉት የያዘ ይመስላል በማግስቱ ሰው ሲተኛበት ይላቀቃል። ከፍራሹ ጋር የመጣ መጠገኛ ካለ እሱን፣ ከሌለ ለፕላስቲክ የተሠራ ማጣበቂያ። ከለጠፋችሁ በኋላ አንድ ሌሊት ሰው ተኝቶበት ይደር፣ ባዶውን ነፍቶ ማሳደር ምንም አይነግራችሁም።

አሁን ወደ ጫማው። ጓደኛሽን አስቁሚልኝ። ሰልቫጅ ላይ ያለ የተራራ ጫማ ስንት ዓመት ተቀምጦ እንደመጣ አይታወቅም። ቆዳው አያረጅም፣ የሚያረጀው በቆዳውና በሶሉ መሀል ያለው ስፖንጅ ነገር ነው። ፖሊዩሪቴን ነው፣ ባይለበስም ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ እንደውም ሳይለበስ የተቀመጠው ነው ቶሎ የሚሄደው ይባላል። ጫማው ሱቅ ውስጥ ጥሩ ነው፣ ቤት ጥሩ ነው፣ ስሜን ላይ ሁለተኛው ቀን ሶሉ ከነስፖንጁ ቁልቁል ይቀራል። በአውራ ጣቱ ስፖንጁን ከጎን በኩል ጫን አድርጎ ይየው፣ ተሰንጥቆ ከሆነ ወይ ዱቄት ነገር ከጣቱ ላይ ከቀረ ይመልሰው። ደህና ከመሰለ ደግሞ ውሃ ነክሮ አርጥቦ ሙሉ ቀን ይሂድበት፣ ከቻለ ከነሻንጣው። ጫማ ሰፊ ጋ ወስዶ ሶሉን ዙሪያውን ማሰፋትም ይረዳል ስፖንጁ ጤነኛ ከሆነ፣ የበሰበሰ ስፖንጅ ላይ ግን ክር የሚይዘው ነገር የለም።

አዲስ ጫማ የገዛም እንዳይመካ። በዛዊት ኮረብታ ድረስ ወጥቶ መውረድ ጥሩ መሞከሪያ ነው፣ ቁልቁለቱ ላይ አውራ ጣታችሁ የጫማውን ጫፍ ከመታ ቁጥሩ ጠቧችኋል፣ ስሜን ቁልቁለት እንጂ ዳገት አይደለም ጥፍር የሚያስነቅለው። እግራችሁ ውሃ የሚቋጥርበትን ቦታ እዚሁ እወቁትና እዛ ላይ ሳይቋጥር ፕላስተር ለጥፋችሁ ውጡ። ካልሲውም ያንኑ የምትሄዱበትን።

ጡረተኛው፦
ልጆች ሰላም ናችሁ። ስለ ምድጃዋ ማንም አላነሳም። ፓርኩ ውስጥ እንጨት ለቅሞ ማንደድ ስለማይፈቀድ ምድጃዋ ካልሠራች ትኩስ ነገር የሚባል የለም፣ ስለዚህ ከድንኳኑ እኩል ልትሞከር ይገባል።

ምድጃዋ የምትጠቀመው እንደ ሽቶ ቆርቆሮ ረዥሟን የጋዝ ዕቃ ከሆነ ውስጧ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ቡቴን ብቻ ነው። ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ወደ ጋዝነት መለወጥ ይሰንፋል። ከፍታው ራሱ ትንሽ ያግዘዋል፣ ነገር ግን እየነደደ በሄደ ቁጥር ቆርቆሮው ራሱን ያቀዘቅዛል፣ ሲነኩት በረዶ ይሆናል፣ ነበልባሉም እያነሰ እያነሰ ሄዶ ሻማ ያክላል። በጥርስ ተጠምዝዞ የሚታሰረው አጭሩ ቆርቆሮ ብዙ ጊዜ አይሶቡቴንና ፕሮፔን የተቀላቀለበት ስለሆነ ብርድ ይችላል። ቆርቆሮው ላይ ተጽፎ ይገኛል፣ አንብቡት።

እዚህ ለመሞከር ቀላል ነው። ባልዲ ውሃ ላይ በረዶ ጨምሩበት፣ በረዶ ያለበት ውሃ ዜሮ ዲግሪ ነው፣ ቆርቆሮውን እዛ ውስጥ አንድ ሰዓት አስቀምጡና አውጥታችሁ ግቢ ሜዳ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ጣዱበት። ከመጣዳችሁ በፊትና በኋላ ቆርቆሮውን ሱቅ ሚዛን ላይ መዝኑት። አንድ ሊትር ስንት ግራም እንደበላ ታውቃላችሁ፣ በቀን ስንት ሊትር ማፍላት እንደምትፈልጉ ደግሞ ራሳችሁ ታውቃላችሁ፣ ስንት ቆርቆሮ እንደምትገዙ በግምት ሳይሆን በስሌት ይሆናል። በነፋስ ላይ ሲሆን ብዙ ስለሚበላ ጨመር አድርጉ። ማታ ማታ ቆርቆሮውን ልብስ ውስጥ ጠቅልሎ ማሳደር ነው እንጂ በእሳት ላሙቀው የሚል ሰው ካለ ከእሱ ራቁ።

ምግቡንም እዚሁ አብስላችሁ እዩት። ባህርዳር ላይ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ግጭ ላይ 88 ገደማ፣ ስለዚህ ምስር ወይም ድንች እዚህ የሚፈጀው ጊዜ እዛ አይበቃውም፣ ጋዙም አብሮ ያልቃል። ሽሮ ይሻላል። በሶ ደግሞ እሳትም አይፈልግ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ምድጃዋን ድንኳን ውስጥ አትለኩሷት፣ ለሙከራም ቢሆን፣ ዝናብ ቢሆንም። ከሰል ቤት ውስጥ ዘግቶ ማደር ሰው እንደሚጨርስ የማያውቅ የለም፣ ድንኳን ውስጥም ያው ጢስ አልባው ጋዝ ነው የሚገድለው።

ዘንባባ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እድሜ ይስጥዎት። ቆርቆሯችን ያቺ ረዥሟ ናት፣ ነገ በረዶ ገዝቼ እንደነገሩኝ አደርጋለሁ።

ቢምቢ ጠሉ፦
የውሃ ማጣሪያው ላይ እኔ ልግባ፣ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። እህቴ ማጣሪያውን "እንሞክረው" ብላችሁ ሐይቁ ውስጥ ገብታችሁ እንዳትቀዱ። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ፣ የሚገባው ደግሞ በመጠጣት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ጥልቀት በሌለው ዳር ዳር ውሃ ውስጥ ቁርጭምጭሚትሽ ድረስ ስትገቢ በቆዳ ነው የሚገባው። ለሙከራ የቧንቧ ውሃ ይበቃል። ደፍረስ ያለ ውሃ ላይ ማየት ከፈለጋችሁ የክረምት ጎርፍ በጀሪካን አስቀምጡና አዝቅጡት፣ ከዛ በንጹሕ ነጠላ አጥልላችሁ ማጣሪያው ውስጥ ክተቱ። ሳያዘቅጡ በቀጥታ መክተት ማጣሪያውን ወዲያው ይዘጋዋል፣ ስሜን ላይ ሳይሆን እዚሁ ታልቃለች።

አንድ ሊትር በስንት ደቂቃ እንደምታወጣ በስልክ ለኩት። አሁኑኑ ቀስ ካለች ወደ ኋላ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው፣ የሚታጠብበት መርፌ መሳይ ነገር አብሯት መምጣት ነበረበት፣ ካልመጣ ፋርማሲ ትልቁን ሲሪንጅ ግዙ።

ዋናው ግን ይሄ ነው። ውስጧ ቀጫጭን ቱቦ ያለባት ማጣሪያ (አብዛኞቹ ትናንሾቹ እንደዛ ናቸው) አንዴ ውሃ ከገባባት በኋላ በረዶ ከነካት ቱቦዎቹ ይሰነጠቃሉ፣ ከውጭ ምንም አይታይም፣ ውሃም ታሳልፋለች፣ እንደውም ፈጠን ብላ፣ ግን አታጣራም። ግጭ ላይ ማታ ማታ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይዛችኋት እደሩ። የተዋሳችኋት ከሆነ ባለቤቷ ብርድ ቦታ ወስዷት እንደሆነ ጠይቁ። በደንብ ረጥባ እያለች በንጹሑ ውሃ መውጫ በኩል በአፍሽ ንፊባት፣ ጤነኛ ከሆነች አየር አታሳልፍም ወይ በጣም ትቸገራለች፣ ዝም ብሎ አረፋው ከወዲያ ከወጣ አትመኗት። ለማንኛውም ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያውን) ይዛችሁ ውጡ፣ ክብደት የለውም።

እና ደግሞ ማንም አላነሳውም፣ ሐይቁ ዳር ለሙከራ የምታድሩ ከሆነ ይሄ ወቅት የወባ ነው። የወንፊቱን ዚፕ መዝጋታችሁ ልክ ነበር። ወንፊቱን በቀን ብርሃን ወደ ፀሐይ አድርጋችሁ ቀዳዳ ፈልጉበት፣ ያገለገለ ድንኳን ወንፊት ላይ የሲጋራ ቀዳዳ አይጠፋም።

ግጭ ሜዳ፦
@ቢምቢ ጠሉ ስለ ሐይቁ ካነሳሽ አይቀር፣ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ዳር ላይ ድንኳን እንዳትተክሉ፣ ጉማሬ ማታ ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል። ቆንጆ ፎቶ ይወጣል ብለው ዳሩ ላይ የሚተክሉ አሉ።

ዘጌ ግን ለሙከራ ጥሩ ነው፣ ቡናው ጫካ ውስጥ መንገዱ ወጣ ገባ ስለሆነ ከነሙሉ ሻንጣችሁ ሙሉ ቀን ተጓዙበት፣ ማደር ከፈለጋችሁ የገዳም መሬት ነውና ሳትጠይቁ አትትከሉ። ሻንጣውን በትራስና በብርድ ልብስ ሞልታችሁ እንዳትወጡ ደግሞ፣ እውነተኛውን ዕቃ እውነተኛውን ውሃ ጫኑበት። ትከሻ ላይ የሚከብድ ከሆነ የወገቡን ቀበቶ ከዳሌ አጥንት ላይ አውሉት፣ ክብደቱ እዛ ላይ ነው መቀመጥ ያለበት።

ዘንባባ፦
ውጤት ላምጣላችሁ። አዲሱን ድንኳን ግማሽ ሰዓት በጎማ ውሃ ለቀቅንበት፣ ጋዜጣው ደረቅ! ማታ ደግሞ አናቱን ከፍተን ተኛን፣ ጠዋት ጣራው ወዝ ወዝ አለ እንጂ አልተንጠባጠበም። የፈረንጁ ግን የጣራው ስፌት ላይ ቴፑ ተላቋል፣ መሀሉ ላይ ያለው ጋዜጣ እርጥብ ሆነ፣ ግን አያጣብቅም አይሸትም። ጓደኛዬ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሄጄ ሲሊኮን ልግዛና ልቀባው ይላል፣ ይሆናል?

ምድጃዋን በበረዶው አድርገን ሞከርናት፣ መጀመሪያ ደህና ነበረች በኋላ ጋሼ እንዳሉት ሻማ ሆነች፣ ሊትሩን ማፍላት አቃታት። አጭሩን ቆርቆሮ ከነምድጃው የሚያከራይ አግኝተናል ጎንደር። ሰልቫጁ ጫማ ዱቄት ሆኖ ጣቱ ላይ ቀረ፣ ልጁ ኩርፊያ ላይ ነው። የቀረው ካስማው ነው፤ አዲሱ ድንኳን ካስማው እንደ ሽቦ ነገር ነው፣ ሣራችን ላይ እንኳን ድንጋይ ሲነካ አራቱ ተጣመሙ።

ጡረተኛው፦
ሲሊኮኑ የሚይዘው ሲሊኮን የተቀባ ሸራ ላይ ነው። ቴፕ የተለጠፈበት ድንኳን ፖሊዩሪቴን የተቀባ ነው፣ እዛ ላይ ሲሊኮኑ ደርቆ ይላጣል፣ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር አይዝበትም። ለፖሊዩሪቴን የሚሆን ማጣበቂያ ፈልጉ፣ የተላቀቀውን ቴፕ አንሱና ስፌቱን በአልኮል ጠርጋችሁ በስሱ ቀቡት፣ አንድ ቀን ይድረቅ፣ ከዛ ጎማውን እንደገና ልቀቁበት። ለጉዞው ሳምንት ሲቀረው እንዳትቀቡት ብቻ።

ሳይክል ሰፈር፦
ለካስማው ብየዳ ቤት ሂዱ። የ8 ሚሊ ፌሮ አንድ ክንድ ባልሞላ ቁመት ይቁረጡላችሁ፣ ጫፉን በሞላ ማሽን ያሹሉት፣ አናቱን እንደ ከዘራ ያጥፉት። ለሁለት ድንኳን ሃያ ምናምን ያስፈልጋችኋል፣ ፍርፋሪ ፌሮ ካላቸው የእጅ ብቻ ያስከፍሏችኋል። አናቱ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩበት ሣር ውስጥ አይጠፋም፣ ማታም እግራችሁን አይመታችሁም። ከሸራው ጋር አብራችሁ እንዳትጠቀልሉት፣ በቅሎዋ ስትራመድ እየፈተገ ይበሳዋል። ለብቻው በማዳበሪያ ከረጢት አድርጋችሁ እሰሩት፣ ለጫኙም ንገሩት የቱ ውስጥ እንዳለ።